የዓይን ድርቀት በብርሃን ሲታከም፦ መብራት ሥር ከመተኛታችሁ በፊት፣ ተኝታችሁ ሳላችሁ፣ ከተነሣችሁ በኋላ

እንባዬ እየወረደ ሐኪሙ "ዓይንህ ደርቋል" ሲለኝ ሳቄ መጣ። ነፋስ በነካኝ ቁጥር ጉንጬ ይርሳል፤ ታዲያ ድርቀቱ የቱ ጋ ነው? ሲያስረዳኝ ገባኝ። ዓይን የሚደርቀው ውሃ ሲያጣ ብቻ አይደለም። በእንባው ላይ የሚንሳፈፈው ስስ ቅባት ሲጠፋ እንባው ቶሎ ይተናል። ዓይን ይቆጠቁጣል። ሲቆጠቁጠው ደግሞ ደንግጦ ውሃ ያፈስሳል። ያም ውሃ ቅባት የለውምና አይቆይም፤ ጉንጭ ላይ ወርዶ ያልቃል።

ይህ መመሪያ እንዲህ ላለው ድርቀትና አብረውት ለሚመጡ የዓይን ቆብ ችግሮች በብርሃን ስለሚሰጠው ሕክምና ነው። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። አንደኛው አይፒኤል ይባላል፤ እንደ ካሜራ ፍላሽ ብልጭ የሚል ኃይለኛ ብርሃን ነው። ሁለተኛው በኤልኢዲ መብራት የሚሠራና ፊት ላይ እንደ ጭምብል የሚደፋ ቀይ ብርሃን ነው። ሁለቱንም ሰው "የብርሃን ሕክምና" ስለሚላቸው ይምታታሉ። እናንተ ግን ለዩዋቸው። አይፒኤል ጠቆር ያለ ቆዳን ሊያቃጥል ይችላል፤ ቀዩ ብርሃን አያቃጥልም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህችን ያዙ።

1. ድርቀታችሁ የትኛው እንደሆነ ይታወቅ

መስታወት ቀረብ አድርጉና የታችኛውን ቆባችሁን ጠርዝ ተመልከቱ። ከሽፋሽፍቱ ሥር ትንሽ ወደ ውስጥ፣ በመርፌ ጫፍ የተወጉ የሚመስሉ ጥቃቅን ነጥቦች በተርታ ተደርድረዋል። የቅባት ዕጢዎች አፍ ናቸው። በላይኛው ቆብ ከ25 እስከ 40፣ በታችኛው ከ20 እስከ 30 ገደማ ይሆናሉ። ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪሽ ማይቦም እ.ኤ.አ. በ1666 ስለ እነሱ ስለጻፈ የማይቦም ዕጢዎች ተባሉ። ዓይናችንን ባርገበገብን ቁጥር ጠብ ጠብ እያሉ ዘይት ይሰጣሉ። ጤነኛ ዘይት ጥርት ያለ ነው። ዕጢው ሲታመም ዘይቱ እንደ ረጋ ቅቤ ይጠጥርና አፉን ይደፍነዋል።

የብርሃን ሕክምና የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ችግራችሁ በእርግጥ እዚህ መሆኑን ሳታውቁ መብራት ሥር አትተኙ። የዓይን ሐኪም ጋ ስትሄዱ ቢያንስ ሦስት ነገሮች ይደረጉላችሁ።

የመጀመሪያው ቀላል ነው። ዓይናችሁ ላይ ቢጫ ብርቱካናማ ቀለም ጠብ ይደረግና በሰማያዊ መብራት ትታያላችሁ። "አትጨፍን፣ አትጨፍኚ" ይላችኋል ሐኪሙ። የእንባው ሽፋን ሳይሰነጠቅ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ይቆጥራል። ከ10 ሰከንድ በታች ከሆነ እንባችሁ አይጸናም ማለት ነው።

ሁለተኛው የሽርመር ምርመራ ነው። ቀጭን የወረቀት ጥብጣብ በታችኛው ቆባችሁ ላይ 5 ደቂቃ ይንጠለጠላል። እንባው ወረቀቱን ስንት ሚሊሜትር እንዳራሰው ይለካል። 5 ሚሊሜትር እንኳን ካልደረሰ የጎደለው ውሃው ራሱ ነው። የሾግረን በሽታ (የሰውነት መከላከያ የራሱን የእንባና የምራቅ ዕጢዎች የሚያጠቃበት ሕመም) ያለባቸው ሰዎች ብዙ ጊዜ እዚህ ይወድቃሉ። ዕጢዎቻቸውም አብረው ካልታመሙ በስተቀር ብርሃኑ ለእነሱ ብዙም አይፈይድም።

ሦስተኛውን ብዙ ቦታ ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከሁሉም አስበልጠዋለሁ። ሐኪሙ ቆባችሁን በጣቱ ወይም በጥጥ ዘንግ ጫን አድርጎ የሚወጣውን ያያል። ጥርት ያለ ዘይት ነው? የደፈረሰ ነው? እንደ ጥርስ ሳሙና እየተጠቀለለ ይወጣል? ወይስ ጭራሽ ምንም የለም? መሣሪያው ካለ ደግሞ በኢንፍራሬድ ካሜራ ዕጢዎቹን ፎቶ ያነሳቸዋል። ፎቶው ላይ ጤነኛ ዕጢ ቀጥ ብሎ የተደረደረ ነጭ መስመር ይመስላል። የሞቱት ያሉበት ቦታ ጨለማ ነው። ይህን ፎቶ ስልካችሁ ላይ ያዙት፤ መጨረሻ ላይ እንፈልገዋለን።

የሞተ ዕጢ በብርሃን ተመልሶ ይበቅላል ብላችሁ ተስፋ አታድርጉ። ብርሃኑ የሚረዳው የተደፈነውን ነው። ፎቶው ባብዛኛው ጨለማ ከሆነ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ሐኪሙን "ስንቱ ተርፎልኛል?" በሉት።

2. የብርሃን ሥራ ያልሆነውን ለዩ

ከድርቀቱ ውጭ ብርሃኑ የሚሞከርባቸው የቆብ ችግሮች አሉ። የቆቡ ጠርዝ የሚቀላበትና የሚቀረፍበት ብሌፋራይተስ አንዱ ነው። ፊት የሚቀላበትና ቀጫጭን የደም ሥሮች ጎልተው የሚታዩበት ሮዜሺያ ሌላው ነው። ቆብ ውስጥ የሚቋጥረው፣ የማያምመው ጠጣር እብጠት ካላዚዮን ይባላል፤ እየደጋገመ የሚያስቸግራቸው ሰዎችም ይሞክሩታል።

ዴሞዴክስም አለ። ሽፋሽፍት ሥር የሚኖር ተባይ ነው፤ ርዝመቱ ከ0.3 እስከ 0.4 ሚሊሜትር። በዓይን አይታይም፤ ምልክቱ ግን ይታያል። በእያንዳንዱ ሽፋሽፍት ሥር እንደ ቀለበት የሚከብ ነጣ ያለ ቅርፊት ነው። ወደ ታች አይታችሁ ሌላ ሰው የላይኛውን ሽፋሽፍታችሁን ሥር ቢመለከት ያገኘዋል። አይፒኤል ይህን ተባይ እንደሚቀንስ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ። ችግራችሁ እሱ ብቻ ከሆነ ግን ቀጥተኛ መድኃኒት አለው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2023 ሎቲላነር የሚባል ጠብታ ለዚሁ ብሎ ፈቅዷል። ጠብታ ሊጨርሰው የሚችለውን በፍላሽ ማሳደድ ምን ይባላል?

ብርሃን ፈጽሞ የማይነካቸውም አሉ። ትራኮማ ትቶት የሚሄደው፣ ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይን የሚቧጭረው "የዓይን ፀጉር" በቀዶ ሕክምና ነው የሚስተካከለው። ስትተኙ ቆባችሁ ሙሉ በሙሉ የማይገጥም ከሆነ ዓይናችሁ ሌሊቱን ሙሉ ሲደርቅ ያድራል፤ ቀን ቀን መብራት ቢበራበት ምን ያደርጋል? አንዲት ነገር ደግሞ አደራ። እዚያው ቦታ ላይ እየተመላለሰ የሚያብጥ፣ በተለይ ሽፋሽፍት የረገፈበት እብጠት ካለ፣ መብራት ሳይነካው ናሙና ተወስዶ ይመርመር። የቅባት ዕጢ ካንሰር ካላዚዮን መስሎ ሊያታልል ይችላል።

3. የቆዳችሁን ቀለም ሳታስመዝኑ አይፒኤል ሥር አትግቡ

እዚህ ትንሽ ልቆይ።

አይፒኤል ብርሃኑን የሚያወጣው በዘኖን ጋዝ ከተሞላ አምፖል ነው። ሌዘር አይደለም። ሌዘር ባለ አንድ ቀለም ብርሃን ነው፤ ይኼ ከ500 እስከ 1200 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ ነው) የሚደርስ ድብልቅ ነው። ለዓይን ሲሆን ብዙ ጊዜ ከ590 በታች ያለው በማጣሪያ ይቆረጣል። ብርሃኑን ቆዳ ውስጥ የሚውጠው ደማችን ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ነው። ይውጥና ይሞቃል። ያበጡት ጥቃቅን የደም ሥሮች ይዘጋሉ፤ ወደ ቆቡ ብግነት ሲያመላልሱ የነበሩት እነሱ ናቸው። ሙቀቱም የጠጠረውን ዘይት ያላላዋል። የዓይን ሐኪሞች ነገሩን ያገኙት በአጋጣሚ ነበር። አሜሪካዊው የዓይን ሐኪም ሮላንዶ ቶዮስ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ለሮዜሺያ አይፒኤል የተደረገላቸው ሕሙማን የዓይናቸውም ድርቀት እንደቀለላቸው ልብ አለና ወደ ዓይኑ አመጣው።

ችግሩ እዚህ ጋ ይጀምራል። ብርሃኑን የሚውጠው ሄሞግሎቢን ብቻ አይደለም። ለቆዳ ቀለም የሚሰጠው ሜላኒንም ይውጠዋል። ቆዳው በጠቆረ ቁጥር ብርሃኑ ደም ሥሩ ጋ ሳይደርስ ላይ ላዩን ይያዛል። ሙቀቱም እዚያው ይቀራል። ውጤቱ ቃጠሎ፣ ውሃ መቋጠር፣ ከዚያም ለወራት የማይለቅ ጥቁር ወይም ነጭ ምልክት ሊሆን ይችላል። ያውም ፊት ላይ።

የቆዳ ሐኪሞች ይህን የሚመዝኑት ፊትዝፓትሪክ በሚባለው ባለ 6 ደረጃ መለኪያ ነው። 1ኛ ፀሐይ ላይ ወዲያው የሚቃጠል ነጭ ቆዳ ነው፤ 6ኛ በጣም ጥቁር ቆዳ። የአሜሪካው ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2021 ለዓይን ድርቀት የመጀመሪያውን የአይፒኤል መሣሪያ ሲፈቅድ ዕድሜያቸው 22 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ ቆዳቸው ከ1ኛ እስከ 4ኛ ደረጃ ለሆነ ሰዎች ብሎ ነው። 5ኛና 6ኛ የሉበትም። ይህን የምናነብ ብዙዎቻችን ደግሞ 5ኛና 6ኛ ነን።

እኔ ራሴ ልቃጠል ነበር። የመጀመሪያው የሄድኩበት ቦታ አጋደሙኝ፤ ጄሉ ጉንጬ ላይ ተቀባ። ቀዝቃዛ ነበር። ባለሙያዋ መሣሪያውን ስታስተካክል "ለእኔ ቆዳ ስንት ላይ አደረግሽው?" አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ "ለሁሉም በዚሁ ነው የምንሠራው" አለችኝ። ጄሉን በመሃረብ ጠርጌ ወጣሁ። ሰው ፊት እንዲህ ጥሎ መውጣት ያሳፍራል፤ ግን ፊት አይተካም።

ስለዚህ ስልክ ስትደውሉ መጠየቅ ያለባችሁ ይኼ ነው። "የቆዳዬን ደረጃ ማን ይመዝነዋል? መሣሪያችሁ እስከ ስንተኛ ደረጃ ተፈቅዶለታል? መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ትሞክራላችሁ?" ሦስቱንም አንድ በአንድ የሚመልስ ቦታ ይታመናል። "አይዞህ ምንም አይልህም" ካሏችሁ ስልኩን ዝጉ። አንዳንድ ሐኪሞች ኃይሉን ዝቅ አድርገው፣ ማጣሪያውን ቀይረው ለጠቆረ ቆዳ ይሞክራሉ። እኔ ቀይ ብርሃን እያለ ለምን ብዬ አልገባበትም።

4. ከቀጠሮው በፊት ባሉት ሳምንታት

መጀመሪያ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በወረቀት ጻፉ። የቅባቱንም፣ ለብጉር የምትውጡትንም። ቆዳን ለብርሃን ስስ የሚያደርጉ መድኃኒቶች ብዙ ናቸው። ዶክሲሳይክሊን አንዱ ነው፤ ነገሩ የሚገርመው ለዚሁ ለተደፈነ የቅባት ዕጢ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ራሱ ዶክሲሳይክሊን ነው። አንዱ ሐኪም ያዘዘላችሁን ሌላው ላያውቅ ይችላል። ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይንም አለ። እሱ ቆዳን ለብርሃን ከማሳሳቱ በላይ የቅባት ዕጢዎቹን ራሳቸውን ያደርቃል፤ ከዓይናችሁ ድርቀት በስተጀርባ ያለው እሱ ሊሆን ይችላል። በራሳችሁ ግን ምንም አታቋርጡ። መቼ እንደሚቆም ያዘዘው ሐኪም ይንገራችሁ።

ቀጥሎ እነዚህ ካሉባችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፦ እርግዝና፣ ሉፐስ፣ በብርሃን ብልጭታ የሚነሳ የሚጥል በሽታ፣ የቆዳ ካንሰር፣ ፊት ላይ የወጣ ምች፣ ቁስል፣ በቅርብ ወራት የተደረገ የዓይን ቀዶ ሕክምና። ቅንድባችሁን ወይም የዓይን ጠርዛችሁን የተነቀሳችሁም ተናገሩ። የንቅሳት ቀለም እንደ ሜላኒን ብርሃን ይውጣል፤ ይቃጠላል።

ለአይፒኤል ከሆነ ከመታከማችሁ በፊት ባሉት ሳምንታት ፀሐይ ላይ አትዋሉ። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ተቀቡ። ፀሐይ የነካው ቆዳ ሜላኒኑ ስለጨመረ ከተለካበት ደረጃ አልፎ ሊሆን ይችላል። በየቀጠሮው እንደገና የሚታየውም ለዚህ ነው።

በቀጠሮው ቀን ፊታችሁን ታጥባችሁ ሂዱ። ኩል፣ ማስካራ፣ ክሬም፣ ሽቶ የለም። ኮንታክት ሌንሱን ቤት ተዉት፤ መነጽር አድርጉ።

5. አይፒኤል ሥር ስትተኙ

ሁሉም ነገር ከተረጋገጠና ቆዳችሁ የሚፈቅድ ከሆነ ሂደቱ ረጅም አይደለም። ብዙ ጊዜ ከ20 ደቂቃ አይበልጥም።

ከሁሉ በፊት ዓይናችሁ ይሸፈናል። መሸፈኛው ብርሃን የማያሳልፍና ዙሪያውን ግጥም ያለ መሆን አለበት። ሲያደርጉላችሁ ዓይናችሁን ግለጡና የክፍሉ መብራት በጎን ይገባ እንደሆነ እዩ። ከገባ "ይገባል" በሉ። ላይኛው ቆብ ላይ ራሱ የሚሠራ ከሆነ ውጭ ያለው መሸፈኛ አይበቃም። ማደንዘዣ ተጨምሮ እንደ ሌንስ ዓይን ውስጥ የሚገባ የብረት መከላከያ ያስፈልጋል። በዚህ ቀልድ የለም። ቅንድብ አካባቢ ፀጉር ለማስነሣት ያለ መከላከያ አይፒኤል የተደረገላቸው ሰዎች አይሪሳቸው፣ ማለትም ባለ ቀለሙ የዓይናቸው ክፍል፣ ተቃጥሎ፣ ጥቁሯ ብሌናቸው ቅርጿን አጥታ ሐኪም ጋ የመጡበት ታሪክ በሕክምና መጽሔቶች ተመዝግቧል።

ከዚያ ቀዝቃዛ ጄል ይቀባል። ባለሙያው ከአንዱ ጆሮ ፊት ጀምሮ፣ ከታችኛው ቆብ ሥር በጉንጭ በኩል፣ በአፍንጫ ላይ አልፎ እስከ ሌላኛው ጆሮ ብልጭ ብልጭ ያደርጋል። አንድ ዙር ከሄደ በኋላ ይደግመዋል። እያንዳንዱ ብልጭታ ላስቲክ ተለጥጦ ቆዳ ላይ ጠብ እንዳለ ነው፤ ትንሽ ትኩስ ላስቲክ። ከተሸፈነውም ዓይን ውስጥ ብልጭታው ይሰማል። አትደንግጡ። ይህ እንግዲህ ከታከሙት የሰማሁት ነው፤ የእኔ ነገር ጄሉ ላይ አብቅቷል።

ላስቲኩ ጠብ አለ ከተባለው በላይ፣ እሳት እንደነካው የሚለበልብ ከሆነ ወዲያውኑ "ቁም!" በሉ። ጥርስ ነክሶ መቻል እዚህ ጀግንነት አይደለም።

ሲያልቅ ቆዳ ቀላ ይላል፤ በሰዓታት፣ ቢበዛ በአንድ ሁለት ቀን ይለቃል። ውሃ የቋጠረ ነገር፣ የአራት ማዕዘን ቅርጽ ያለው ቃጠሎ፣ የጠቆረ ጥለት ካያችሁ የዚያኑ ቀን ተመለሱና አሳዩ። ሕመም፣ ብርሃን መጥላት፣ የእይታ መደብዘዝ ከመጣ ደግሞ ለነገ አትበሉ፤ የዓይን ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ብዙውን ጊዜ 4 ጊዜ ይደረጋል፤ በመካከሉ ከ2 እስከ 4 ሳምንት አለ። በአንዱ ውጤት ካልታየ ተስፋ አትቁረጡ።

6. ቀይ ብርሃን ሥር ስትተኙ

ይኼኛውን እኔ የታከምኩበት ስለሆነ በቅርብ አውቀዋለሁ።

መነሻው ከዓይን ጋር ምንም አይገናኝም። ሃንጋሪያዊው ሐኪም ኤንድሬ ሜስተር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ደካማ ሌዘር አይጦች ላይ ሲሞክር፣ ብርሃኑ የነካው የተላጨ ቦታ ፀጉሩ ቶሎ ሲበቅል አየ። ከዚያ ወዲህ ቀይ ብርሃን ሴሎች ውስጥ ኃይል የሚያመነጩትን ማይቶኮንድሪያዎች እንደሚቀሰቅስ ብዙ ተጠንቷል። ለቆቡ የሚሰጠው ቀይ ብርሃን 633 ናኖሜትር አካባቢ ነው። በፍላሽ አይመጣም፤ ዝም ብሎ ይበራል። ሜላኒንን ስለማያቃጥል ለማንኛውም ቆዳ ይሆናል። ሌላው ጥቅሙ ቆቡ ላይ በቀጥታ መብራቱ ነው፤ የላይኛውም የታችኛውም።

የሚሆነው ይኸው ነው። ትጋደማላችሁ፣ ዓይናችሁን ትጨፍናላችሁ፣ ጭምብሉ ይደፋል። ከዚያ ጭፍን ዓይናችሁ ውስጥ ዓለሙ ሁሉ ይቀላል። ፊታችሁን ወደ ቀትር ፀሐይ አዙራችሁ ዓይናችሁን የጨፈናችሁ ያህል ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ ሲሆን ቆባችሁ ከውስጥ ሞቅ ይላል። ደስ የሚል ሙቀት ነው፤ እኔ በሁለተኛው ቀጠሮ እንቅልፍ ወስዶኝ ባለሙያው ነው የቀሰቀሰኝ። 15 ደቂቃ ገደማ ነው። ቀጠሮዎቹ በየሳምንቱ ገደማ፣ ከ3 እስከ 4 ጊዜ ናቸው።

ዓይናችሁን እስከ መጨረሻው አትግለጡ። ስልክ "ልይ" ብሎ ጭምብሉን ቀና ማድረግ የለም። የሚጥል በሽታ ወይም ቆዳን ለብርሃን የሚያሳሳ መድኃኒት ያለበት ሰው እዚህም ቀድሞ ይናገር።

አንዳንዱ መሣሪያ ሰማያዊና ቢጫ መብራትም አለው። ሰማያዊው የቆቡን ባክቴሪያ ለመቀነስ ይባላል፤ ቢጫው እብጠት ለማፍዘዝ። ለድርቀት የተሻለ የተጠናው ቀዩ ነውና ሌላውን ሲያበሩላችሁ "ለምን?" ብላችሁ ጠይቁ።

እውነቱን ለመናገር ማስረጃው ገና ወጣት ነው። የቀዩ ጥናቶች ከአይፒኤሉ ያነሱና ትናንሽ ናቸው። የአይፒኤሉም ቢሆን የኮክሬን (የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ዓለም አቀፍ ድርጅት) ገምጋሚዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ሲመዝኑት የተገኘው ማስረጃ ጥቂትና እርግጠኝነቱ ዝቅተኛ ነው ብለዋል። ከዚያ ወዲህ ተጨማሪ ጥናት መጥቷል። "ዘላቂ ፈውስ" ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ግን አትመኑት።

7. ዘይቱ ሳይጨመቅ አትነሡ

ብርሃኑ ዘይቱን ያላላዋል እንጂ አያወጣውም። የላላው ዘይት ሳይቀዘቅዝ መጨመቅ አለበት። ማደንዘዣ ጠብ ያደርጉና ሐኪሙ በትናንሽ መቆንጠጫ ወይም በጥጥ ዘንግ ቆቡን እየተጫነ ይጨምቃል። ይህ ክፍል ያማል። አልዋሽም፤ እግሬን አጥፌ ነው የቻልኩት። በትልቁ ስክሪን ላይ ሲያሳየኝ ከአንዷ ዕጢ አፍ ነጭ ክር የመሰለ ነገር ተጠቅልሎ ወጣ። አጠገቧ ካለችው ምንም አልወጣም። በሦስተኛው ቀጠሮ ያችው ድፍን የነበረችው ጠብታ ዘይት ሰጠች፤ የደፈረሰ ቢሆንም ዘይት ነው።

ቦታው መጨመቁን የማይሠራ ከሆነ ግማሽ ሥራ እየተሠራላችሁ ነው።

8. ቤት ውስጥ፦ የሚሰለቸው ክፍል

ሰው ሁሉ መብራቱን ይወዳል፤ ፎጣውን ይጠላል። ሥራው ያለው ግን ፎጣው ላይ ነው።

በቀን አንዴ፣ ቢቻል ሁለቴ፣ የተጨፈነ ዓይናችሁን 10 ደቂቃ አሙቁ። ቆቡ ወደ 40 ዲግሪ መድረስ አለበት። በሙቅ ውሃ የራሰ ፎጣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ሁለት ፎጣ ይዛችሁ አንዱ ሲቀዘቅዝ ሌላውን ተኩ፤ ወይም ሙቀት የሚይዝ የዓይን ማስክ ተጠቀሙ። ከማድረጋችሁ በፊት የእጃችሁ አንጓ ውስጠኛ ክፍል ላይ አስነኩት። እዚያ የሚለበልብ ከሆነ ዓይን ላይ አይሆንም።

ወዲያው እንደሞቀ አሻሹት። የላይኛውን ቆብ ከላይ ወደ ታች፣ የታችኛውን ከታች ወደ ላይ፤ ሁልጊዜ ወደ ሽፋሽፍቱ። በጣት ሆድ፣ በስሱ። ዓይኑን ራሱን አትጫኑት። ቀጥላችሁ የሽፋሽፍቱን ሥር ለዓይን በተዘጋጀ ማጽጃ ጥረጉ። ኢንተርኔት ላይ ያያችሁትን ያልተበረዘ የቲ ትሪ ዘይት ዓይን አጠገብ አታድርሱ፤ ያቃጥላል።

ስክሪን ላይ የምትውሉ ከሆነ ይቺን ጨምሩ። ሰው ዝም ብሎ ሲቀመጥ በደቂቃ 15 ጊዜ ገደማ ያርገበግባል፤ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ በጣም ይቀንሳል። ሲያርገበግብም ግማሹን ነው፤ ሁለቱ ቆቦች አይነካኩም። ካልተነካኩ ዘይቱ አይወጣም። በየ20 ደቂቃው ቀና በሉና ጨፍኑ፣ ሁለት ሰከንድ ቆዩ፣ ጠበቅ አድርጉ፣ ግለጡ። አምስት ጊዜ። እኔ ሻወር ውስጥም አደርገዋለሁ፤ አስቂኝ ነው፣ ይሠራል።

ሰው ሠራሽ እንባችሁን ብርሃን ጀመርኩ ብላችሁ አትጣሉ። በቀን ከ4 ጊዜ በላይ የምትጨምሩ ከሆነ መከላከያ ኬሚካል የሌለበትን ምረጡ።

9. የቤት መብራት ዓይን ላይ አትሞክሩ

"ቀይ ብርሃን ከሆነ እኔስ በኢንተርኔት የገዛሁት ማስክ አለኝ" የሚል ወዳጅ አይጠፋም። የቆዳ ማስክ ለቆብ አልተለካም። የብርሃኑ መጠን፣ ቀለሙ፣ የዓይኑ ቀዳዳ አቀማመጥ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በስፋት ይሸጥ የነበረ አንድ የብጉር መብራት ማስክ የዓይን በሽታ ያለባቸውን ወይም ለብርሃን የሚያሳሳ መድኃኒት የሚወስዱትን ሊጎዳ ይችላል በሚል ከገበያ ተሰብስቧል። የቤት ውስጥ ፀጉር ማንሻ አይፒኤል ደግሞ ከቅንድብ አጠገብ እንኳን አይቅረብ።

10. ውጤቱን በስሜት አትለኩት

"ትንሽ የተሻለኝ ይመስለኛል" የሚለው ያታልላል። ገንዘብ ያወጣ ሰው መሻል ይፈልጋል። ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ቁጥር ይኑራችሁ። ኦኤስዲአይ የሚባል 12 ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ፤ ከ0 እስከ 100 ያስቆጥራል። 13 እና ከዚያ በላይ ድርቀት አለ ማለት ነው። ከሕክምናው በፊት ሙሉት። ከመጨረሻው ቀጠሮ አንድ ወር በኋላ ድገሙት። ሰከንድ ቆጠራውንም እንዲደግሙላችሁ አድርጉ።

ከተሻላችሁ ውጤቱ ወራት ቆይቶ ሊፈዝ ይችላል። ብዙ ሰው ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ባለው ጊዜ አንድ ማጠናከሪያ ይወስዳል። ቀን ቆርጣችሁ አትሂዱ፤ ቁጥሩ ወደ ላይ መውጣት ሲጀምር ሂዱ።

ቀጠሮዎቹ ሁሉ አልቀው ቁጥሩ ካልተነቃነቀ ደግሞ "አንድ ሁለት እንጨምር" የሚለውን ወዲያው አትቀበሉ። ያችን ስልካችሁ ላይ ያስቀመጣችኋትን የዕጢ ፎቶ አውጡ። አዲስ ፎቶ ይነሣ፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉና ሐኪሙን አብሯችሁ እንዲያይ ጠይቁ። የሽርመሩ ወረቀትም እንደገና ይንጠለጠል። ምናልባት የጎደለው ዘይቱ ሳይሆን ውሃው ነበር።